የሱሉልታን ቤት በስልክ የሚያይ ገዢ ከማን ጋር ይዋዋላል?

ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ የምትገኘውና በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለችው ሱሉልታ የቤትና የቦታ ገበያዋ በደላላ እግር ብቻ የሚዞርበት ጊዜ አልፏል። ፎቶግራፉ፣ ስፋቱና ዋጋው በኢንተርኔት የማስታወቂያ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ገዢውም መርካቶ ሱቁ ወይም ዋሽንግተን ቤቱ ተቀምጦ ያየዋል። ገዢ ገጹን የሚያምነው ስሙ የታወቀ በመሆኑ ነው። አደጋውም የሚመጣው በዚሁ በታወቀው ስም በኩል ነው።

የኮምፒዩተር ባለሙያዎች «ክሮስ ሳይት ስክሪፕቲንግ» የሚሉት ክፍተት አለ። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ያወጡት የማይክሮሶፍት ባለሙያዎች ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። ማስታወቂያ አውጪው ስለ ቤቱ መግለጫ በሚጻፍበት ቦታ «ካርታ ያለው፣ ለአስፋልት የቀረበ» በማለት ፈንታ የጃቫስክሪፕት ትዕዛዝ ይጽፋል። ገጹ ሳያጣራ ከተቀበለው ትዕዛዙ ከማስታወቂያው ጋር ይቀመጥና ቀጣዩ ገዢ ሲከፍተው በገዢው ስልክ ላይ ሥራውን ይጀምራል። ብራውዘሩም ትዕዛዙን የላከው ያ የታወቀ ድርጅት ነው ብሎ ይታዘዛል። ከዚያ ወዲያ ሐሰተኛ የይለፍ ቃል መጠየቂያ ማሳየት፣ ወይም ደንበኛው የሚለይበትን «ኩኪ» ወስዶ በስሙ መግባት ይቻላል።

ነገሩ እውነተኛ ማህተም ባረፈበት ውል ላይ ሌላ እጅ አንዲት መስመር እንደመጨመር ነው። ማህተሙ ቢመረመር ትክክለኛ ነው። ብዙዎች የሚመኩባት ከአድራሻው ጎን የምትታየው የቁልፍ ምልክትም እዚህ ላይ አትረዳም፤ መንገዱ መጠበቁን እንጂ የጭነቱን ንጽሕና አትመሰክርም።

ይህ የትንንሽ ገጾች ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 በታላቁ የኢቤይ ገበያ አንድ የአይፎን ማስታወቂያ የከፈቱ ገዢዎች ኢቤይን ወደሚመስል ሐሰተኛ የመግቢያ ገጽ ተወስደዋል። ማስታወቂያው የተነሳው ጥቆማ ከደረሰ ከ12 ሰዓት በላይ ቆይቶ መሆኑን ቢቢሲ ዘግቦ ነበር። ብራውዘሮችም መከላከያ ሞክረው ነበር፤ ነገር ግን የጉግሉ ክሮም እንዲህ ያለውን ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 አስወግዶታል። ዋናው ኃላፊነት የገጹ ባለቤት ነው ማለት ነው። ደንበኛ የጻፈው ሁሉ እንደ ጽሑፍ እንዲታይ እንጂ እንደ ትዕዛዝ እንዳይሠራ ማድረግ ለፕሮግራም ሠሪው አዲስ ነገር አይደለም። ገጽ የሚያሠራ ባለሀብት ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት ይህ መሠራቱን ይጠይቅ፣ በሌላ ባለሙያም ያስመርምር። ስለ ቀለሙና ስለ አርማው ሲከራከር ከሚውል ይህኛው ይሻለዋል።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላው ሥርዓት መግባትንም ሆነ በኮምፒዩተር ማታለልን ይቀጣል። ሌባው ባሕር ማዶ ከሆነ ግን አዋጁ ቀብድ ቶሎ አያስመልስም። ስለዚህ ገዢው፣ ማስታወቂያ እያየ ሳለ ገጹ ድንገት የይለፍ ቃል ቢጠይቀው ዘግቶ አድራሻውን ራሱ ጽፎ ይግባ። የቴሌብርም ሆነ የባንክ የምሥጢር ቁጥሩን በማስታወቂያ ገጽ ላይ በፍጹም አይጻፍ። የሻጩ ስልክ ቁጥር ትናንት ካየው ተለይቶ ካገኘው፣ ቀብድ ከመላኩ በፊት ሱሉልታ ድረስ ሰው ልኮ ካርታውን ከመሬት አስተዳደር መዝገብ ጋር ያስተያይ።