ኮከብ 127 መሰላል

በሽንኩርት ወቅት መርሳ ላይ አስፋልቱ ዳር አይሱዙ ይቆማል። ጆንያው ይመዘናል፣ ዋጋው ይቆረጣል፣ ከዚያ ሁለት ስልክ ከኪስ ይወጣል። የነጋዴው ስማርት ስልክ ነው፤ የገበሬው ባለ ቁልፍ፣ ክዳኑ እንዳይወድቅ በላስቲክ የታሰረ። ነጋዴው ቁጥር ጠይቆ ይልካል።

«አባባ፣ ገባልዎት?»

ገበሬው የነጋዴውን ስክሪን አያይም። የሚጠብቀው የራሱ ስልክ እንዲጮኽ ነው። መልእክቱ ሲደርስም መጀመሪያ የሚፈልገው የብሩን መጠን ሳይሆን የላኪውን ቁጥር ነው። 127 ካላለ ጆንያው መኪና ላይ አይወጣም፤ ከማይታወቅ ቁጥር በተላከ የሐሰት መልእክት ምርቱን የሚያስረክብ ሰው እንዳለ ገበያው ያውቃል።

127 የቴሌብር ቁጥር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎቱን የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሩ የተከፈተው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ብሔራዊ ባንክ፣ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም በሞባይል የገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጡ የሚፈቅድ መመሪያ ያወጣው ያኔ ነበር። በ2016 የበጀት ዓመት መጨረሻ የቴሌብር ደንበኞች ከ47 ሚሊዮን አልፈው ነበር። ስለ ቴሌብር ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው መተግበሪያው ነው። ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህ ልክ ሊሆን ይችላል። መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ገጠር ላለው ሰው ግን ቴሌብር ማለት ኮከብ 127 መሰላል (*127#) ነው፤ ኢንተርኔት የማይጠይቅ፣ በማንኛውም ስልክ የሚሠራ ኮድ።

ያለ ኢንተርኔት እንዴት ይሠራል? ማንኛውም ስልክ በአቅራቢያው ካለው የኔትወርክ ማማ ጋር በየጊዜው ይነጋገራል። ስልኩ «እዚህ ነኝ» ይላል፤ ማማውም «ጥሪ መጥቶልሃል» ይለዋል። ይህ ንግግር የሚያልፍበት ጠባብ መስመር፣ ድምፅና ኢንተርኔት ከሚሄዱበት ሰፊ መስመር የተለየ ነው። አጭር የጽሑፍ መልእክትም ሆነ ዩኤስኤስዲ የሚባለው ይህ የኮድ አሠራር የሚጓዙት በጠባቡ ነው። ኮከቡ «የተጻፈው የሰው ቁጥር ሳይሆን ለኔትወርኩ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው» ማለት ሲሆን መሰላሉ የትእዛዙን ማለቂያ ያሳያል። አረንጓዴው ቁልፍ ሲጫን ትእዛዙ በኦፕሬተሩ ማዕከል በኩል ወደ ቴሌብር ኮምፒውተር ይደርሳል፤ ከዚያ የምርጫ ዝርዝር ይመለሳል። ሰውየው የመረጠውን ቁጥር ይልካል፤ ሌላ ዝርዝር ይመጣል፤ የተቀባዩ ስልክ፣ የብሩ መጠን፣ በመጨረሻም የሚስጥር ቁጥር ይገባል።

አጭር መልእክት ስልክ ቢዘጋ እንኳ ተቀምጦ ይቆይና ሲከፈት ይደርሳል። ዩኤስኤስዲ ግን የትም አይቀመጥም። እንደ ስልክ ወሬ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች እስከተቀባበሉ ድረስ ብቻ ይቀጥላል። መነጽሩን ለማውጣት ኪሱን የዳበሰ አዛውንት ቀና ሲል ዝርዝሩ ጠፍቶ ይጠብቀዋል፤ እንደገና ከኮከቡ መጀመር ነው። የሚፈቀደውን ሰከንድ የሚወስኑ ባለሙያዎች አንድ ቀን መርሳ ገበያ ቆመው ቢለኩት ብዙ ሰው ከድካም ይድን ነበር።

ሕዝቡ ይህን አሠራር የተማረው ከቴሌብር አይደለም። ካርድ ፍቆ በ805 ሞልቷል፣ በ804 ቀሪ ሒሳቡን አይቷል፣ በ806 ለወዳጁ አካፍሏል፣ ሳንቲም ሲያልቅበትም በ807 «መልሰህ ደውልልኝ» ብሏል። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ሳይቀሩ ኮከቧንና መሰላሏን በመልክ ያውቋቸዋል። ቴሌብር ገንዘብን ያህል አስፈሪ ነገር ይዞ ሲመጣ ጣት በለመደው መንገድ መምጣቱ ምናልባት ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃቱ ነው። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የኬንያው ኤምፔሳም ዝርዝሩን ሲም ካርዱ ውስጥ አስገብቶ ያለ ኢንተርኔት ነው የተስፋፋው።

የመስመሩ ጠባብነት በፊደላችን ላይም ያርፋል። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። አንድ የዩኤስኤስዲ ገጽም በላቲን 182፣ በግእዝ 80 ነው። ለላቲኑ ሆሄ 7 ቢት ይበቃዋል፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ ውስጥ የገባው የእኛ ፊደል ግን እዚህ 16 ቢት ይወስዳል። የቆዩ ስልኮች ደግሞ ፊደሉን ስለማያውቁት በቦታው ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። ለዚህ ነው አማርኛ ለዓመታት በላቲን ፊደል ተጽፎ ሲላክ የኖረው። ሆኖም ጉዳቱ ቁጥሩ የሚለውን ያህል አይከፋም፤ «ሰላም» በላቲን አምስት ሆሄ ይፈጃል፣ በእኛ ሦስት። በአጭር ቦታ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ሰው ቃል መርጦ መጻፍ እስከቻለ ድረስ።

ታላላቆቹ የውጭ ኩባንያዎችም ወደ ደካማ መስመር ወርደዋል። ፌስቡክ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ላይት የተባለው መተግበሪያ ሲጀመር ክብደቱ ከ1 ሜጋባይት ያነሰ ነበር። ልጁ ሳዑዲ የሄደበት የሀብሩ ቤተሰብ ደግሞ ኢሞን ያውቃል፤ በቀሰስተኛ ኔትወርክም ድምፅና ምስል ለማድረስ የሚታገል መተግበሪያ ነው። እነዚህ ግን ቢቀጥኑም ኢንተርኔት ይፈልጋሉ።

በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በ2015 ዓ.ም. ክረምት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ልዩነቱ በግልጽ ታየ። በሞባይል ኢንተርኔት ብቻ የሚከፈት መተግበሪያ ዝም አለ፤ የጥሪ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ሁሉ ኮዱ ሠራ። ጥሪው ራሱ ሲጠፋ ግን ኮዱም አብሮ ይጠፋል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወልድያ በሰሜኑ ጦርነት ከተያዘች በኋላ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የነበሩትን ወራት ያሳለፈ ነዋሪ ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ስልክም ባንክም አልነበረም።

አንድ ትልቅ ቀዳዳ ደግሞ አለ። የቴሌብር ኮድ ማንበብ ለሚችል ሰው ነው የተሠራው። ማንበብ የማይችሉ እናት ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ይሰጣሉ፤ ልጁ ዝርዝሩን ያነባል፣ የሚስጥር ቁጥሩ ሲጠየቅ እሳቸው ጮክ ብለው ይነግሩታል። ቤት ውስጥ ሲሆን ችግር የለውም። ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ለማያውቁት ወጣት ሲሆን ግን ሚስጥሩ ሚስጥር መሆኑ ይቀራል።

መፍትሔው እዚሁ አገር ተሞክሯል። የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከሌሎች ጋር በ2006 ዓ.ም. የከፈተው 8028 የነፃ መስመር አያስነብብም፤ ይናገራል። ገበሬው ይደውላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ የሰብሉን ቁጥር ይጫናል። ከዚያ ስለ ጤፍ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ በመረጠው ቋንቋ ሲነገረው ያዳምጣል፤ ያልገባው ካለም መልሶ ይደውላል።