ኪቦርድ ያልገባበት ሸክላ

ጫኖ ላይ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ሙዝ የሚጭን አይሱዙ ጋቢናው ክፍት ከሆነ ዘፈን አይጠፋውም። የጋሞ ዜማም ይሰማበታል። አንዱ ይመራል፣ ተቀባዮች ይከተላሉ፣ ከሥር ኪቦርድና የኮምፒውተር ከበሮ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ያስጨፍራል፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ከጫኖ ቀና ሲሉ በሚታየው ተራራ ላይ፣ ዶርዜ ውስጥ፣ ያ ሁሉ መሣሪያ የሚሠራውን በጉሮሮ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸው ነው ያስቆመኝ።

ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ ዶርዜ ድረስ ወጥቶ የቀዳው ዘፈን በ1977 እ.ኤ.አ. በሸክላ ታትሟል። ጆሮው በማሲንቆና በማሕሌት ያደገ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ግራ ይገባዋል። ሰዎቹ አብረው የጀመሩ አይመስሉም፤ የሚሻሙ ይመስላሉ። የለመድነው ብዙ ሰው አንድ ዜማ ሲል ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ይዟል፤ እስከ 5 የሚደርሱ የተለያዩ ድምፆች ባንድ ጊዜ ይሄዳሉ።

አሠራሩ እንዲገባችሁ አራት ሆናችሁ ሞክሩት። አንዱ «ኦ» ብሎ ረዥም ድምፅ ይዘርጋ። ሁለተኛው «ሆ» የምትል አጭር ድምፅ ይወርውር፣ ይረፍ፣ እንደገና ይወርውር። ሦስተኛው፣ ሁለተኛው ባረፈባት ቅጽበት ብቻ፣ ቀጠን አድርጎ «ዬ» ይበል። አራተኛው ግጥሙን ይዞ በላያቸው ይሂድ። ጥቂት እንደቆያችሁ ማንም ያልዘፈነው ዜማ ይሰማችኋል፤ ከ«ሆ»ና ከ«ዬ» መቀባበል የተወለደ ነው። የዶርዜዎቹ ከዚህ በብዙ ይረቃል፤ መሠረቱ ግን ይኸው ነው። ዜማው በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ ስለቆመና የቅኝቱ ድምፆችም እርስ በርስ ስለማይጠባበቡ፣ ሁለት ሰው ባጋጣሚ ቢገጣጠም እንኳ ጆሮ አይጎረብጥም።



ድምፅ ተከፋፍሎ ያለ መሣሪያ መዝፈን የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1844 እ.ኤ.አ. በታተመው «ሴክሪድ ሃርፕ» በተባለው የመዝሙር መጽሐፍ የሚዘምሩ ሰዎች ያለ መሣሪያ በአራት ድምፅ ተከፍለው፣ በአራት ማዕዘን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ጀርባ የሚሰጡት ለውጭው ሰው ነው፤ መዝሙሩ ለዘማሪዎቹ እንጂ ለታዳሚ አልተዘጋጀማ። ልዩነቱ እነሱ መጽሐፍ አላቸው፤ የዶርዜው ዘፋኝ ያለው አጠገቡ የቆመው ሰው ነው።

እንዲህ ያለውን ዘፈን «ቅንብር የለውም» የሚሉ አሉ። ቅንብሩ እኮ በሰዎቹ መካከል ነው ያለው። ኪቦርድ ሲገባ መጀመሪያ የሚበላው ያንን ረዥም «ኦ» ነው። ኪቦርድ አይተነፍስም፤ ሰው ግን ትንፋሹ ሲያልቅ ሌላው ይቀበለዋል፣ ያቺ መቀባበልም የዘፈኑ አካል ነበረች። ቀጥሎ የኮምፒውተሩ ከበሮ ምቱን ሲቆጥር፣ «ሆ» ባዩ «ዬ» ባዩን ማዳመጥ አያስፈልገውም። ስቱዲዮ ደግሞ ዘፋኞቹን ተራ በተራ ሲቀዳ ነገሩ ይጠናቀቃል። ድምፁ ይጠራል፤ አንዱ ሌላውን የጠበቀባት ቅጽበት ግን የለችም። የ1977ቱ ሸክላ ድምፁ ሻካራ ቢሆንም እሷ አልጠፋችበትም።

አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ የሚሸምኑ የዶርዜ ሰዎች ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት አንዱ መወርወሪያውን እየወረወረ ድርሻውን ቢያንጎራጉር፣ የሚቀበለው አጠገቡ ስለሌለ፣ በበሩ ያለፈ ሰው የሚሰማው አንድ «ሆ»፣ ዝምታ፣ እንደገና አንድ «ሆ» ነው።