ቅጠሉ ከአንጎል ጋር

ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የጫት መኪና ሲመጣ ዳር ይይዛል። ሾፌሩን እንራገመዋለን እንጂ የሚያጣድፈው ኬሚስትሪ ነው። ለጋው ቀንበጥ ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ለይቶ ያወጣው በ1975 (እ.ኤ.አ.) ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን በጥቂት ቀናት ውስጥ ካቲን ወደተባለ ደካማ ነገር ይለወጣል። ዙርባው በኮባ ተጠቅልሎ ውሃ የሚርከፈከፍበት፣ የትናንቱም በርካሽ የሚሸጠው ለዚሁ ነው።

ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ሰው ሲበላ፣ ሲጫወት፣ የምስራች ሲሰማ አንጎሉ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ጥቂት ዶፓሚን ይለቁና ወዲያው መልሰው ይሰበስቡታል። ካቲኖን በዚያው መሰብሰቢያ በር ገብቶ በሩን ይገለብጠዋል፤ ሊገባ የሚገባው ዶፓሚን ወደ ውጭ ይጎርፋል። ምርቃና ይኼ ነው። ለውዙና ጀበናው ዙሪያ ፋብሪካ ይተከላል፣ ዕዳ ይከፈላል፣ የተጣላ ይታረቃል፤ ሁሉም ከምሽቱ በፊት።

ከዚያ የዶፓሚኑ ክምችት ይጎድላል። ድብርቱ፣ መነጫነጩ፣ ሌሊት ደግሞ ዱካኩ ይመጣል። ጎርፉ በየቀኑ ሲደጋገም ዶፓሚንን የሚቀበሉት ተቀባዮች ይቀንሳሉ፤ ይህ በተለይ አምፌታሚንና መሰሎቹን አብዝተው በወሰዱ ሰዎች አንጎል ምስል ላይ ታይቷል። ያኔ ተራው ነገር፣ ምሳውም የልጅ ጨዋታውም፣ ይደበዝዛል።

ግን የቃመ ሁሉ ሱሰኛ አይሆንም። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የቡታጅራ ጥናት ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ጠይቆ ግማሾቹ ቃሚዎች ሆነው አገኛቸው፤ ከነዚያ ውስጥ በየቀኑ የሚቅሙት ግን 17 ከመቶ ያህል ነበሩ። ከቃሚዎቹ አብዛኞቹ ጫቱ ለዱዓ ሐሳባቸውን እንደሚሰበስብላቸው ተናግረዋል። የየቀኑን ቃሚ የሚይዘው ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ አንጎል ከቅጠሉ ጋር ሰዓቱን፣ ቤቱንና ጓደኛውን አብሮ ይማራል። ሲደጋገም ዶፓሚኑ ገና ሳይቃም መነሣት ይጀምራል። ለሳምንታት የተወው ሰው ከምሳ በኋላ ርጥብ ፌስታል ሲያይ አፉ ምራቅ ይሞላል። ሀራራ በዚህ መንገድም ይመጣል፤ «ቆራጥ ሁን» የሚለው ምክር ብዙም የማይረዳው ለዚህ ይመስለኛል።

ሌላው መዘዝ ጨብሲ ነው። ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሣ በቢራ ወይም በአረቄ ይሰበራል፤ ሳይታሰብ ሁለተኛ ሱስ ይጨመራል። ለፈተና ብሎ የሚቅመው ተማሪም ነቅቶ ያድራል እንጂ አንጎል የተነበበውን አጥብቆ የሚያኖረው በእንቅልፍ ጊዜ ነው።

ሆሳዕናና ዱራሜ ወንጌላውያን የበዙባቸው ከተሞች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቱም ጫትን አይፈቅዱም። ክልከላው ብዙ ወጣት ሳይጀምር አስቀርቷል ብዬ አምናለሁ። የጀመረው ግን ተደብቆ ይቅማል። እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤ ይመታል ብሎ ሐኪም ፊት ሲቀርብ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ስለ ጫት ሲጠየቅ «ኧረ እኔ አልነካም» ይላል። የጫትን ሱስ የሚያስለቅቅ የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ሕክምናው በአብዛኛው በንግግር ነው።