አሮጌ የጡብ ቤት በኖራ ይታደሳል

በኖራ የታነፀ የጡብ ቤት ያለው ሰው፣ መጋጠሚያው ሲፈረፈር በገዛ እጁ ሊጠግነው ቢነሣ አስቀድሞ ከሲሚንቶ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ኖራ እርጥበት እንዲተን ያደርጋል፤ ሲሚንቶ ግን ውኃውን ስለሚያግደው የጡቡ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ በተጠገነው፣ ከድንጋይ በታነፀው የጎንደር ፋሲል ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተደረገው እድሳት ሲሚንቶው ተነሥቶ ኖራ መተካቱ ለዚህ ምስክር ነው።

የሥራውም ስልት ቀላል ነው። የላላው መጋጠሚያ የስፋቱን 2 እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ በመሮ በጥንቃቄ ይወጣል፤ አቧራው ተጠርጎ በውኃ ይርሳል፤ 1 እጅ ኖራ ከ3 እጅ አሸዋ ጋራ ተቦክቶ ይሞላል፤ ለጥቂት ቀናትም በእርጥብ ጆንያ ከፀሐይ ይጋረዳል። ኖራ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር አይለይ። ኖራ የሚጠነክረው በዝግታ ነው፤ ነገር ግን የታገሠ ባለቤት የማይተካውን ጡብ ያተርፋል።