ያውቁ ኖሯል? የራሱን ማንነት የመረመረ ወጣት ለሌላውም ቅርብ ነው

ስለ ብሔሩ ማንነት ጠይቆ፣ አንብቦና አስቦ የራሱ አቋም ላይ የደረሰ ወጣት፣ ጉዳዩን ገና ካላሰበበት እኩያው ይልቅ ለሌሎች ብሔረሰቦች የተሻለ አመለካከት የመያዝ ዝንባሌ እንዳለው ያውቁ ኖሯል?

ይህን በጥናት ካሳዩት መካከል በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የነበሩት ጂን ፊኒ ይገኙበታል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ የሚኖሩ ጥቁር፣ ላቲኖና የእስያ ዝርያ ያላቸውን ወጣቶች የተመለከተ ነበር። ስለ ወገናቸው በጎ ስሜት ያላቸው ወጣቶች ለሌሎችም በጎ ስሜት የማሳየት ዝንባሌ ነበራቸው።

እንደ ፊኒ አገላለጽ ወጣቱ ስለ ብሔር ማንነቱ የራሱ አቋም ላይ የሚደርስበት መንገድ ሦስት ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ ልጁ ስለ ብሔሩ እምብዛም አያስብም፤ ወይም ከቤት የሰማውን እንዳለ ይቀበላል። ቀጥሎ ፍለጋ ይመጣል፦ አያቶቹን ስለ ትውልድ ቦታቸው ይጠይቃል፣ የወገኑን ታሪክ ያነባል፣ በበዓላቱ ይካፈላል። በመጨረሻ የብሔሩን ትርጉም ለራሱ አጥርቶ ይረዳል።

ፊኒ የብሔር ማንነትን ለመለካት በ1992 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት መጠይቅ ወጣቱ በየዓረፍተ ነገሩ ምን ያህል እንደሚስማማ ከአራት አማራጮች እንዲመርጥ ያደርጋል። 14ቱ ዓረፍተ ነገሮች ስለ ራሱ ብሔር ማንነት ሲሆኑ፣ 6ቱ ደግሞ ከሌሎች ብሔረሰቦች ሰዎች ጋር ስላለው ቅርርብ ናቸው። የሁለቱ ውጤት የሚሰላው ለየብቻ ነው።