የዩኒቨርሲቲው መስመርና የመንዝ ተማሪ

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ጀመረ። በ2016 ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ ወረቀቱን ትተው በኮምፒውተር ተፈተኑ፤ በቀጣዩ ዓመት ቁጥራቸው ጨመረ። ፈተናው ለከተማም ለገጠርም አንድ ነው። ቤቱ ላፕቶፕ ያለው የከተማ ልጅና ማውስ ጨብጦ የማያውቅ የገጠር ልጅ ግን እኩል ተዘጋጅተው አይቀመጡም። ኢንተርኔት ለሰሜን ሸዋ ደጋ ቅንጦት መሆኑ ያበቃው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ አካባቢ ይህን ክፍተት ለማጥበብ መጀመሪያ የሚታሰበው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ይህ ተቋም በ1999 ዓ.ም. ተመሠረተ። እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ኃላፊነት አለበት፤ ማስተማር፣ መመራመርና ማኅበረሰብን ማገልገል። ዩኒቨርሲቲዎቹን ለማገናኘት የተዘረጋው የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ኢተርኔት ይባላል። በኡቡንቱኔት ኅብረት በኩልም ከአፍሪካ አቻዎቹ ጋር ይተሳሰራል።

ነገሩ እንደ ከተማ ውሃ ነው፤ ዋናው ቧንቧ ቢደርስም ቦኖ ካልተተከለ ሰፈሩ አይጠጣም። ዳታው ከባሕር ሥር ኬብል ተነሥቶ በጎረቤት አገሮች በኩል በፋይበር ወደ አገር ይገባል። ፋይበሩ በሚያበቃበት ከማማ ወደ ማማ በሬዲዮ ሞገድ ይሻገራል፤ ለዚህም ማማዎቹ መተያየት አለባቸው። በሰሜን ሸዋ የመንዝ አምባ ለማማ ይመቻል፤ ገደል ሥር ያለው መንደር ግን ተጋርዶ ይቀራል። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ማማው መብራትም ሰላምም ይፈልጋል፤ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል።

መስመሩ ሲገኝም ሙያው ለብቻው ይቀራል። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ፕሮግራሚንግን፣ ዳታ ሳይንስንና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በነፃ ያስተምራል። ጀማሪው ግን ከዚያ በፊት ብዙ የሚሻገረው አለ። ኪቦርዱ ላይ ያሉት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ «መንዝ» ብሎ ለመጻፍ ኤምን፣ ኢን፣ ኤንንና ዜድን በተራ ይነካል፤ ከአራቱ ቁልፎች ሦስት የግእዝ ፊደላት ይወጣሉ። ይህን አጠገቡ ቆሞ የሚያሳየው ሰው ካገኘ ቶሎ ይለምደዋል፤ ካላገኘ ኮምፒውተሩን ይፈራዋል።

ያ ሰው በዩኒቨርሲቲው አይጠፋም። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ክረምት ላይ አገሩ ይገባል፤ ስልት ያለው ኃላፊነት ቢሰጠው የቀበሌውን ተማሪዎችና መምህራን ማሠልጠን ይችላል። ኔትወርክ በሌለበት ትምህርት ቤትም መላ አለ። ኪዊክስ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ውክፔዲያንና ሌሎች የትምህርት ጽሑፎችን አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ለክፍሉ ማደል ይቻላል። ይዘቱ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንዴ ይወርድና በፍላሽ ይጓዛል፤ በየጊዜው ማደስ ብቻ ነው።

ማማ መትከል የቴሌኮም ድርጅቶች ሥራ ነው፤ ገንዘብም ጊዜም ይወስዳል። ላብራቶሪን በዕረፍት ወቅት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መክፈትና አሠልጣኝ መመደብ ግን የዩኒቨርሲቲና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስምምነት ነው። ፈተናው ኮምፒውተር ላይ ከወጣ ወዲህ ይህ ስምምነት ማማውን መጠበቅ የለበትም።