እርሾ መድኃኒት ሲሠራ



ልጆች፣ ቤት ውስጥ እንጀራ ሲጋገር ሊጡ ላይ የሚጨመረው እርሾ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? እርሾ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያው ፍጥረታት አሉ። ሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር እየበሉ ጋዝ ያወጣሉ። ሊጡ ኩፍ የሚለው፣ እንጀራውም ዓይን የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ታዲያ «እርሾ ጋዝ መሥራት ከቻለ መድኃኒትስ እንዲሠራ ማድረግ አይቻልም ወይ?» ብለው የተነሡ ሳይንቲስት ሩቅ አይደሉም። የሚሠሩት እዚሁ ከኦክላንድ አጠገብ፣ በርክሊና ኤምሪቪል ነው። ስማቸው ፕሮፌሰር ጄ ኪስሊንግ ይባላል። እኚህ ሰው አስተማሪ ብቻ ሳይሆኑ ብዙ ኩባንያዎችን ያቋቋሙም ናቸው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወባና ተክሉ

ወባ በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ነው። አገራችን ውስጥ በተለይ በቆላና በወይና ደጋ ብዙ ሰው ይጎዳል። በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ሲመዘገብ፣ 1,157 ሰው ሞቷል።

ድሮ ይሰጥ የነበረው ፋንሲዳር የተባለው መድኃኒት ወባውን ማሸነፍ ስላቃተው፣ ኢትዮጵያ በ2004 ለኃይለኛው የወባ ዓይነት ኮአርተምን መስጠት ጀመረች። የኮአርተም ዋናው ነገር የሚገኘው ከአርቴሚሲኒን ነው። አርቴሚሲኒንን በ1972 ከአንድ የቻይና ተክል ለይተው ያወጡት ቱ ዩዩ የተባሉ ቻይናዊት ሳይንቲስት ናቸው። በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ተክሉ የእኛ አሪቲ ዘመድ ነው። አሪቲ ግን የወባ መድኃኒት አይደለም፤ ወባ የያዘው ሰው የሚሄደው ሐኪም ቤት ነው።

ችግሩ ምን ነበር? ተክሉ ተዘርቶ፣ አድጎ፣ ታጭዶ መድኃኒት እስኪሆን ከዓመት በላይ ይፈጃል። ዋጋው ሲወደድ ገበሬው ሁሉ ይዘራል፤ ምርቱ ሲበዛ ዋጋው ይወድቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ገበሬው ይተወዋል፤ ከዚያ እንደገና ይወደዳል። ልክ እንደ ሽንኩርት ገበያ ማለት ነው። ሽንኩርት ሲጠፋ ግን ወጡ ቢቀጥን ነው፤ የወባ መድኃኒት ሲጠፋ ሕፃን ይሞታል።

ከላቦራቶሪ ወደ ኩባንያ

ፕሮፌሰር ኪስሊንግ በ1964 ነብራስካ ውስጥ የተወለዱ የገበሬ ልጅ ናቸው። ያደጉበት ትንሽ ከተማ ስሙ ሃርቫርድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ግን አይደለም! በ1992 በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ።

እያንዳንዱ ሕያው ነገር ውስጥ ጂን የሚባል የአሠራር መመሪያ አለ። እንደ ወጥ አሠራር ደብተር አስቡት። ኪስሊንግና ባልደረቦቻቸው ከተክሉ ደብተር የሚያስፈልገውን ገጽ ወስደው እርሾው ደብተር ውስጥ አስገቡት። እርሾው ስኳር ሲበላ አርቴሚሲኒክ አሲድ የተባለ ነገር መሥራት ጀመረ። ያንን ደግሞ ኬሚስቶች ወደ አርቴሚሲኒን ይቀይሩታል።

ግን ዩኒቨርሲቲ ፋብሪካ አይደለም እኮ! ለዚህ ነው በ2003 አብረዋቸው ከሚሠሩ ወጣት ተመራማሪዎች ጋር አሚሪስ የሚባለውን ኩባንያ ያቋቋሙት። በ2004 መጨረሻ የጌትስ ፋውንዴሽን ለዚህ ሥራ 42.6 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ለድሃ አገሮች በሚሠራው የወባ መድኃኒት ላይ ግን ዩኒቨርሲቲውም አሚሪስም ትርፍ ላይወስዱ ተስማሙ።

በ2006 እርሾው በአንድ ሊትር ይሰጥ የነበረው የግራም አንድ አሥረኛ ነበር። በ2013 ይህ 25 ግራም ደረሰ፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል መሆኑ ነው። 250 እጥፍ! በዚያው ዓመት ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ጣልያን አገር ባለው ፋብሪካው ማምረት ጀመረ። በ2014 መድኃኒቱ ወደ አፍሪካ ተላከ።

ሒሳቡስ?

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህን ሳላነሣ አላልፍም። ሳኖፊ ያለ ትርፍ የሚሸጥበት ዋጋ በኪሎ ከ350 እስከ 400 ዶላር ነበር። በዚያው ጊዜ ገበሬዎች ብዙ ስላመረቱ የተክሉ አርቴሚሲኒን ከ250 ዶላር በታች ወረደ። ገዢው ወደየት ይሄዳል? በ2015 ፋብሪካው አርቴሚሲኒን አላመረተም፤ በ2016 ሳኖፊ ፋብሪካውን ለመሸጥ ወሰነ።

አሚሪስም ብዙ ውጣ ውረድ አየ። እርሾው ከስኳር የመኪና ነዳጅ እንዲሠራ ቢሞክርም ከፔትሮሊየም ዋጋ ጋር መወዳደር አልቻለም። ቀጥሎ ድሮ ከሻርክ ጉበት ይወጣ የነበረውን የቆዳ ቅባት ከስኳር ሠራ፤ ይህ ተሳካለት። ይሁን እንጂ በ2023 ዕዳ በዝቶበት ኪሳራ አስመዘገበ፤ በ2024 ዕዳውን አስተካክሎ ወጣ።

ታዲያ ልፋቱ በከንቱ ቀረ? እኔ አይመስለኝም። ገበያው የረከሰው ገበሬዎች በርትተው ስላመረቱ ነው፤ መድኃኒቱ ለድሃው እስከደረሰ ድረስ ከተክልም ይምጣ ከእርሾ ልዩነት የለውም። ነገ ድርቅ መጥቶ ተክሉ ቢጠፋ ደግሞ ሌላ መንገድ እንዳለ ዓለም አውቋል። ፕሮፌሰሩም አላቆሙም። በፔትሮሊየም ፋንታ ከስኳር ኬሚካል የሚሠራውን ላይጎስንና ሌሎችንም ኩባንያዎች አቋቁመዋል።

የእኛም ሰው

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ናቸው። ትልቅ ግኝት ነበር! በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ነገር ግን ለደኅንነት ምርመራው የሚያስፈልገውን ገንዘብና ድጋፍ ማግኘት ብዙ ዓመት ፈጀ፤ እንዶድም የታሰበውን ያህል ሳይስፋፋ ቀረ። ግኝቱን ከላቦራቶሪ አንሥቶ ለሰው የሚያደርስ ድልድይ ቶሎ አልተገኘም። ኩባንያ ከእነዚህ ድልድዮች አንዱ ነው። ድልድይ ለመሥራት ደግሞ ሳይንስም ሒሳብም ያስፈልጋል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ «ሳይንቲስት እሆናለሁ» ሲላችሁ ወይም ስትላችሁ «ጎሽ!» በሉና «የሠራኸውን ለማን ታደርሰዋለህ? የሠራሽውንስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የቤት ሥራ
1. እርሾ ምን ይበላል? ምንስ ያወጣል?
2. አንድ ኪሎ በ350 ዶላርና በ250 ዶላር ቢሸጥ፣ 1,000 ኪሎ የሚገዛ ሰው ስንት ዶላር ይቆጥባል?
3. እንዶድ ለምን እንደሚያገለግል አያቶቻችሁን ወይም ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ በአማርኛ አምስት መስመር ጻፉ።

መልካም ሳምንት!